እሜቴ የሚያውቁት ስም

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከአልጋቸው ላይ ሆነው «ሽታዬ!» ብለው ሲጣሩ፣ ተልኮባት መጥታ ደጅ የቆመችው አጋታ ሳታስበው «አቤት፣ እሜቴ!» ብላ ወደ ውስጥ ዘለቀች። ወዲያው በራሷ ተናደደች። ክርስትና ከተነሣች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ በዚያ ስም ቢጠሯት አቤት ላትል ምላ ነበር። አፏ ግን መሐላውን አልሰማም።

አሮጊቷ እግራቸው አብጦ፣ ፊታቸው ገርጥቶ ተጋድመዋል። ሶደሬ ወስደዋቸው ሦስት ሳምንት ፍል ውሃ ገብተው ነበር፤ ምንም አልረባቸውም። ከራስጌያቸው የነፍስ አባታቸው ቄስ ገሠሠ መስቀላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ቀረብ በይ» አሉ አሮጊቷ። «ባቡር ጣቢያ የግሪኩን ሆቴል ሳህን ታጥቢያለሽ አሉ።»

«አዎ፣ እሜቴ። በደመወዝ ነው።»

«እኔ ቤት ምን ጎደለብሽ? አልበላሽም? አልጠጣሽም?»

አጋታ ሃያ ዓመት የዚህ ቤት ባሪያ ነበረች። አምስት ይሁን ስድስት ዓመት ሲሆናት ከነጋዴ ገዟት፤ «ሽታዬ» ያሏትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት ማን ትባል እንደነበር ከአእምሮዋ ጠፍቷል። የቀራት አንዲት ሴት ከኋላዋ እየሮጠች ስትጣራ የሰማችው ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁ አለ፤ ቃሉ የለም።

የባሪያ ነጻነት አዋጅ ወጥቶ ወረቀቷን በእጇ ያስገባች ጊዜ ወደ ባቡር ጣቢያው ሰፈር ወረደች። እዚያም ሐዲድ ጠጋኙ ሁንዴ፣ በወር አንድ ጊዜ ከድሬዳዋ በባቡር ከሚመጡት ፈረንሳዊ የካቶሊክ ካህን ከአባ ሉቃስ ጋር አገናኛት።

«ማን ነሽ?» አሏት ካህኑ በተሰባበረ አማርኛ።

«የወይዘሮ ሮማነወርቅ ነኝ።»

«የማን ነሽ አላልኩም። ማን ነሽ ነው ያልኩ።»

አጋታ እዚያው እንደቆመች እንባዋ ወረደ። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ትምህርቱን እንደ ጠማው ሰው ጠጣችው። ካህኑ የቅዱሳት ሴቶችን ስም እየቆጠሩላት ምረጪ አሏት፤ አጋታን መረጠች። በዕድሜዋ ራሷ የመረጠችው የመጀመሪያው ነገር ነው። በካህኑ መዝገብ ላይ የአባትና የእናት ስም የሚጻፍበት ቦታ ግን ባዶውን ቀረ።

«ልሞት ነው» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ። «ክርስትና ሳላስነሣሽ ብተውሽ ፈረንጅ ነጠቀሽ። ቄስ ገሠሠም ‹እግዜር ይጠይቅሻል› ይሉኛል።»

«ነፍሷ በእጅዎ ነበረች» አሉ ቄሱ።

«እንግዲህ ተመለሺ። እፊታቸው ‹ካቶሊክን ክጃለሁ› በይና መስቀል ተሳለሚ። እሑድ ያጠምቁሻል።»

«አይሆንም፣ እሜቴ። አንድ ጊዜ ተጠምቄአለሁ።»

አሮጊቷ ከትራሳቸው ቀና ብለው «እናትሽ ያወጣችልሽን ስም ብነግርሽስ?» አሉ።

አጋታ ወደ አልጋው ተጠጋች። «ያውቁታል?»

«ነጋዴው ሲሸጥሽ ስምሽንም አገርሽንም ነግሮኛል። በሆዴ ይዤው ኖርኩ። በልቤ ይዤው አልሞትም፤ አንቺ ግን ቃሉን በይ።»

አገሯን ብታውቅ ሄዳ ትፈልጋለች። እናቷም በሕይወት ትኖር ይሆናል። እግዚአብሔር ልብን ያያል፣ አፍን አይደለም፤ እንዲህ አለች ለራሷ። ተንበረከከች።

«ካቶሊክን ክጃለሁ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ምንም አልከበዳትም። ያስደነገጣትም ይኸው ነው። መስቀሉን ተሳለመች።

«ተመስገን!» አሉ አሮጊቷ፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተንፍሰው።

«ስሙን ይንገሩኝ፣ እሜቴ።»

«የቱን ስም?»

«የኔን። እናቴ ያወጣችልኝን።»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «የባሪያ ስም ማን ይጠይቃል፣ ልጄ? ‹ይህቺን ትንሿን ውሰጂ› ብሎ ነው የሰጠኝ። ለነፍስሽ ብዬ ነው።»

ቄስ ገሠሠ ደነገጡ። «ወይዘሮ፣ ይህን እኔ አላወቅሁም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አሮጊቷ አልሰሟቸውም።

«ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ውሃ ስጪኝ» አሉ።

አጋታ ውሃውን ከእንስራው ቀዳች። ጽዋውን መሬት ላይ ልትደፋው ቃጣት። ለተጠማ ማጠጣት እንደሚገባ ያስተማሯት አባ ሉቃስ ናቸው፤ ያስተማሯትን ሃይማኖት ደግሞ አሁን ካደችው። ቢሆንም የአሮጊቷን አንገት ደግፋ አጠጣቻቸው፤ አፋቸውን ጠረገችላቸው፤ አንድ ቃል ሳትናገር ወጣች።

እጮኛዋ ሁንዴ በአጥሩ ጥግ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«እናትሽ ያወጣችልሽን ስም ዐውቃለሁ አሉኝ፤ ድሮም አያውቁትም።» የሆነውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። እሱም ሰምቶ ሲጨርስ እጇን ያዘ።

«ኮቱ፣ ነይ ወደ ቤት እንሂድ። አባ ይህን ካወቁ ጋብቻችንን ያቆዩብናል። ንስሐውም ስንት ወር እንደሚሆን ማን ያውቃል? ከኛ ሰው የሰማ የለም፤ ዝም እንበል።»

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች።

እጇን ከእጁ አላቀቀችና በሐዲዱ ዳር ዳር ወደ ጣቢያው አቀናች። ሁንዴ ከኋላዋ ተከተላት።

«የአባ ባቡር እኮ የሚመጣው ነገ ቀትር ላይ ነው!»

«ዐውቃለሁ» አለችና ነጠላዋን አደግድጋ፣ ባቡሩ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ባዶ መሬት ላይ ተቀመጠች።