በሰንበሌጥ ሜዳ መሬት የሌለው ቪላ

በሰንበሌጥ ሜዳ ወረዳ ምድር ቤት የሚያስቆፍር ሰው ሦስት ሜትር ሲወርድ የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቱን ኅዳር ያገኛል። ሌላ አገር ውኃ እንደሚወጣው ማለት ነው። ሜዳው፣ ጤፉ፣ ፀሐዩ ሳይቀር እዚያው አሉ። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ትንሽ ደነገጠ። ኋላ ግን ደረጃ አሠራበት፣ በር ገጠመለት፣ እሑድ እሑድ እየወረደ ንጹሕ አየር ይቀበል ጀመር።

ወረዳችን ሀብታም ነው። ግቢዎቹ ከመስፋታቸው የተነሣ ከኋላ በር የጮኸ ውሻ ከፊት በር የሚሰማው በማግስቱ ነው። አንድ ሰውዬ ሚስቱን ሳሎን ውስጥ ሊፈልጋት የሁለት ቀን ስንቅ ይዞ ሄዷል፤ ስንቁን የቋጠርኩለት እኔ ነኝ። ታሪካችን ግን አጭር ነው። የዱሮ ገበሬዎቻችን ከማሳቸው እሸት የበላን እንግዳ እምቢ አይሉም ነበር። ውኃ ቢል ውኃ፣ ማደሪያ ቢል ማደሪያ። ከዚያ የከተማ ሰዎች መጡ፣ ግራሩ ሥር ተቀመጡ፣ የሽንብራ እሸት ፈለፈሉ፣ መሬቱን ጠየቁ። ሜዳው በአንድ ኅዳር አለቀ።

የእማማ ደብሪቱ ባል ጉተማ መሬቱን ለአቶ ናሁሠናይ ከሰጠ በዓመቱ ሞተ። በሽታ አልተገኘበትም። ጠዋት ጠዋት ማጭዱን ይዞ ይወጣና የሚሄድበት ሲያጣ ይመለስ ነበር፤ አንድ ቀን ተመልሶ ተኛ፣ አልተነሣም። እማማ ደብሪቱ አሁን በገዛ ማሳቸው ላይ በቆመው ቪላ ሰርቪስ ቤት ይኖራሉ፤ ግቢውን ይጠርጋሉ።

ባለፈው ኅዳር አቶ ናሁሠናይም ምድር ቤት አስቆፈሩ። በሩ በተገጠመ ዕለት እማማ ደብሪቱ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ወርጄ ጉተማን አትስጥ ልለው ነው አሉ። ማሳው ካለ ጉተማም ይኖራል ብለው ነው። አቶ ናሁሠናይ ክፉ ሰው አይደሉም። ቤቱ እንዳይጠፋባቸው ፈሩ፤ አሮጊት መከልከልም አሳፈራቸው።

«እማማ፣ ሲመለሱ እግርዎን ይጥረጉ። ምንጣፉ ነጭ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«የገዛ ጭቃዬን?» አሉና ወረዱ።

እኔ የግቢው ዘበኛ ነፋስ እንዳይዘጋው በሩን ይዤ ደረጃው ላይ ቀረሁ።

ታች ረፋድ ነበር። ጉተማ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጤፍ ያጭዳል። ቀና ሲል አንዲት ፀጉረ ነጭ ሴትዮ አየ። እሱ የሚያውቃት ደብሪቱ ፀጉሯ ጥቁር ነው፤ የዚያን ዕለት ደግሞ ገበያ ሄዳለች። ስለዚህ እንደማንኛውም እንግዳ የግራሩ ጥላ ሥር አስቀመጣቸው፣ የሽንብራ እሸት ነቅሎ ሰጣቸው። እሳቸው ልማዱን ያውቁታልና በልተው እስኪጨርሱ ቃል አልተነፈሱም።

«አሁን አንድ ሰው ይመጣል» አሉት ከዚያ። «መሬቱን ይጠይቅሃል። እንዳትሰጠው።»

«እሺ እናቴ።»

«ማልልኝ።»

«እሸቴን በልተው የለ እንዴ? ምን መሐላ ያስፈልጋል?»

ወዲያው አንድ ጎልማሳ የተጠቀለለ ፕላን በብብቱ ይዞ መጣ። አቶ ናሁሠናይ ነው፣ ያኔ ፀጉር የነበረው። ጉተማ ለእሱም እሸት ዘረጋለት። እማማ ደብሪቱ ሊነጥቁት ተንጠራሩ፤ ሰውየው ግን በላተኛ ነው፣ ከነገለባው ዋጠው። አፉን ጠርጎ፣ እዚህ ቤት መሥራት እፈልጋለሁ አለ።

ጉተማ ማጭዱን አስቀምጦ አሰበ። የግራሩ ጥላ ከግራ ወደ ቀኝ እስኪዞር አሰበ፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ጢሜ አደገ።

«ሁለታችሁም እንግዶቼ ናችሁ» አለ። «ላንተ ቤቱን ሰጥቼሃለሁ። ለእሳቸው ደግሞ መሬቱን አልሰጥም ብያለሁ። ለሁለታችሁም የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም።»

ጎልማሳው አመስግኖ ሄደ። እኔም ወደ ታች ስመለከት የመጨረሻው ደረጃ መሬት አይነካም።

አቶ ናሁሠናይ ምሳ ላይ ነበሩ። ቤቱ ተነሥቷል አልኳቸው። ስንት ያህል አሉ። ሁለት ሰው ቁመት አልኳቸው። ጎርሰው ዋጡና፣ እንግዲያው መሰላል ፈልግ አሉኝ።

ቪላው እስከ ዛሬ ከነበረንዳው፣ ከነዲሹ ጤፉ ላይ ተንሳፍፎ አለ። እንግዶች በመሰላል ይወጣሉ። ከምግብ ጠረጴዛው ሥር የማጭድ ድምፅ ይሰማቸዋል፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያወራሉ። ታች ጉተማ አርባ አምስት ዓመቱ እንደሆነ ያጭዳል። እማማ ደብሪቱ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ፤ እሱም በየቀኑ ከየት አገር እንደመጡ ይጠይቃቸዋል። እዚሁ ቅርብ ነኝ ይሉታል። አንዳንዴ ወገቡን ሊያሳርፍ ቀና ሲል የቤቱን ነጭ ሆድ ያይና ደመና ይመስለዋል። ዝናቡ ሳይደርስ ብሎ በነዶው ላይ ሸራ ይዘረጋል፤ እማማ ደብሪቱ በወዲያኛው ጫፍ ይይዙለታል።