ዘጠና ሚሊ ሊትር ሽቶ

እኔ መድኃኒት ቤት ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በአስራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ሰው የተሳሳተ መድኃኒት ይዞ ከእጄ አልወጣም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ግን የዚያን ቀን ጠዋት የእህቴን ሻንጣ እኔ ካላሸግኩ ብዬ ሙጭጭ ያልኩት እንዲያው በባዶ ሜዳ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

እህቴን ቤተሰቡ ሁሉ አፍንጬ ነው የሚላት። ከልጅነቷ ጀምሮ ያላሸተተችው ነገር የለም፤ መጽሐፍ ስትከፍት እንኳ ከማንበቧ በፊት ታሸታለች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ የሽቶ መደብር ውስጥ ባንኮኒ ኋላ ቆማ ሌሎች የቀመሙትን ስትሸጥ ኖራለች። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ የክፍሏን በር ዘግታ የራሷን ትቀምማለች። አብረን ስለምንኖር ጣጣው ለኔም ይተርፋል። ፎጣው ይሸታል፣ መጋረጃው ይሸታል፣ መካኒኩ ባለቤቴ ጋራዥ ሲገባ «ዛሬ ደግሞ ምን ተቀብተህ መጣህ» እያሉ ይስቁበታል። «በሩን ዝጊው፣ ራሴን አመመኝ» ያልኳትን ብዛት እሷ ትቁጠረው።

ባለፈው ወር ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። አንድ ትልቅ የሽቶ ፋብሪካ፣ በአውሮፕላን ካልሆነ የማይደረስበት፣ ቀማሚ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ፤ ጻፈችላቸው፤ ጠሯት። ደብዳቤው አጭር ነው። ራስዎ የቀመሙትን አንድ ሽቶ፣ ከሃምሳ ሚሊ ሊትር ያላነሰ፣ ይዘው ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይቅረቡ። ሽቶውን ሳይዝ የመጣ አመልካች አይስተናገድም።

ሽቶው ያለው ደግሞ በአንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። ከተቀመመ በኋላ ሁለት ወር ጨለማ ቦታ ተቀምጦ መስከን አለበት፤ እንደገና ልቀምም ብትል ለሐሙስ አይደርስም። ትኬቷ የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቅደው። እንግዲህ ያ ጠርሙስ በእጇ ሆኖ አውሮፕላን ውስጥ ካልገባ፣ ባንኮኒው ኋላ ሌላ አስራ አንድ ዓመት ሊጨመርላት ነው ማለት ነው። ይህን እያወቀች፣ በረራዋ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ሳለ፣ ሁለት ሰዓት ላይ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ካልሲ ታጥፋለች።

«አንቺ ልጅ፣ የሚፈትኑሽ ካልሲ ነው እንዴ?»

«እየጨረስኩ ነው እትዬ።»

ምኑን ነው የምትጨርሰው? አልጋው ላይ የተዘረገፈው ጉድ ለአንድ ሰው ነው ለሠርገኛ አይታወቅም። ቅባት ሁለት ዓይነት፣ የጥርስ ሳሙና፣ አራት መቶ ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሻምፖ። ሕጉ እኮ ግልጽ ነው፤ ከአየር መንገዱ ገጽ ላይ አትሜ በር ላይ ከለጠፍኩላት ሳምንት ሆኖታል። ፈሳሽ ከመቶ ሚሊ ሊትር አይብለጥ፣ ሁሉም በአንዲት ውስጧ በሚታይ ላስቲክ ይግባ። ከዚህ በላይ እንዴት ይጻፍ? ሻምፖውን አንስቼ ወደ ጎን ወረወርኩት።

«ግማሹን ጨርሼዋለሁ እኮ» አለች።

«ግማሹ ሁለት መቶ ነው። እነሱ ያሉት መቶ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ፤ አንቺ ደግሞ ሳትቸኩዪ ነው የምታፈሺው።»

ትራሷ አጠገብ ሦስት ትንንሽ ባዶ የመስታወት ብልቃጦች ተደርድረዋል።

«እነዚህስ?»

«ሽቶውን ልገለብጥባቸው ነው። ለሦስት ከፍዬ።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። በኛ ሙያ አንድ የማይሻር ሕግ አለ፤ መድኃኒት ከነበረበት ዕቃ አይወጣም። ሰው ክኒኑን ከካርቶኑ አውጥቶ በወረቀት ይቋጥራል፣ ከወር በኋላ የደም ግፊቱን መድኃኒት ለሆድ ቁርጠት ነው ብሎ ለአማቱ ይሰጣል። ስንቱን አይቻለሁ። ዕቃ ሲቀየር ስያሜው ይጠፋል፣ ቆሻሻ ይገባል፣ ይተናል፣ ይፈሳል።

«አይሆንም» አልኳት። «ሁለት ወር የሰከነውን ዛሬ ልታበላሺው ነው? ካለበት ንቅንቅ አይልም።»

«ግን እትዬ፣ ጠርሙሱ...»

«ጠርሙሱ ምን ሆነ? እኔው ራሴ ከመድኃኒት ቤት ያመጣሁልሽ ነው። ቡናማ ነው፣ ብርሃን አያስገባም፣ ክዳኑ ጠብ አያደርግም።»

«እሱማ ጥሩ ነው። ትልቅ ነው ለማለት ነው።»

«ትልቅነቱን ማን ጠየቀ? ውስጡ ያለው ስንት ነው? እሱ ነው ጥያቄው።»

ጥያቄውንም እኔው መለስኩት። አንድ ሌላ እንደሱ ያለ ባዶ ጠርሙስ አመጣሁ፣ ሽቶው እስካለበት ከፍታ ድረስ ውሃ ሞላሁበት፣ ውሃውን በመስፈሪያ ለካሁት። ዘጠና ሚሊ ሊትር። እንዲያውም አስር ይቀረዋል። ስያሜ አትሜ ለጠፍኩበት፤ የፈሳሹ ዓይነት፣ የተቀመመበት ቀን፣ መጠን ዘጠና ሚሊ ሊትር፣ ከብርሃን ይራቅ። እውነት ለመናገር፣ በዚያ ጠርሙስ ኮርቻለሁ።

ባለቤቴ የመኪና ቁልፍ እያሽከረከረ ብቅ አለ። ጠርሙሱን አገላብጦ አየና፣ «ፍተሻው ላይ ጠርሙሱን ነው የሚያዩት ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ።

«አንተ ስለ ፍሬን ሸራ አውራ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ ሞተር ሊያስነሳ ወጣ። አፍንጬ ሦስቱን ብልቃጦች ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው፣ መሳቢያውንም ቀስ ብላ ገፋችው።

መኪና ውስጥ አንድ ጊዜ ሞክራለች። ከኋላ ወንበር አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ መደብር የሚመጡ መንገደኞች ሲያወሩ፣ ትልቅ ጠርሙስ ባዶ እንኳ ቢሆን...» ብላ ጀመረች። የሱቅ ወሬና ሕግ አንድ አይደለም ብዬ ቆረጥኩት። ከዚያ ስለ መንገዱ መጨናነቅ፣ ስለ ጫማዋ ማሰሪያ፣ ፈታኞቹ ፊት ጥፍሯን እንዳትበላ፣ ብዙ ነገር ተናገርኩ። ባለቤቴ ሬዲዮ ከፈተ። ዘጋሁት።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ስስማት ጉንጯ ቀዝቅዞ ነበር። ገባች። እኛ መኪናው ወደቆመበት ስንመለስ፣ ለማቆሚያ የምንከፍልበት ማሽን አጠገብ ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ፣ አላሳልፍም አሉኝ።»

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። አፍንጬ ከፍተሻው መግቢያ፣ ገመድ ከተወጠረበት በኩል ቆማለች። አጠገቧ አንዲት ፈታሽ የኔን ጠርሙስ በሁለት ጣቷ ይዛለች።

«እህቴ፣ ስያሜውን አንብቢው እንጂ» አልኳት። «ዘጠና ነው።»

«አንብቤዋለሁ። በጣም ጥሩ ተጽፏል።» ጠርሙሱን ቀና አድርጋ ቂጡን አሳየችኝ። መስታወቱ ላይ ሁለት መቶ ሃምሳ የሚል ቁጥር ተቀርጿል። «ደንቡ የሚያየው ዕቃው የሚይዘውን ነው እንጂ ውስጡ ያለውን አይደለም። የእያንዳንዱን መንገደኛ ፈሳሽ እዚህ ቆመን ልንለካ አንችልም።»

«ለክቼዋለሁ እኮ። የሙያ ሰው ነኝ።»

«እኔም» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም። «ወይ ይጣላል፣ ወይ መቶ በሚይዝ ዕቃ ገልብጣችሁ ትመለሳላችሁ። መሳፈሪያው የሚዘጋው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው።»

ለመቆጣት ሰው ፈለግኩ። አየር መንገዱን ተቆጣሁ፣ ያንን ወረቀት የጻፈውን ተቆጣሁ፣ ቁጥሩን በቂጡ ላይ የሚቀርጽ ፋብሪካ ምን ዓይነት ነው አልኩ፤ ሰው የሚያነበው ፊት ለፊት አይደለም ወይ? ወደ አፍንጬም ዞሬ «አንቺስ ሽቶ ሻጭ ሆነሽ ይህን ሳታውቂ» ብዬ ጀመርኩ። ባለቤቴ ትንፋሽ አጥሮት ደርሶ ነበር። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» አለ። ቀና ብዬ አላየሁትም። ብልቃጦቹ ያሉበት መሳቢያ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

አዳራሹ ጥግ አንዲት ትንሽ መድኃኒት ቤት አለች። ባለ ነጭ ጋወኗ ልጅ ሰው እያስተናገደች ነበር፤ ይቅርታ እያልኩ ሰልፈኞቹን አለፍኳቸው።

«መቶ ሚሊ ሊትር የሳል ሽሮፕ። በመስታወት ጠርሙስ ያለ።»

«ለማን ነው? ለአዋቂ ነው ለልጅ?»

«ለማንም።»

«ሳሉ ደረቅ ነው አክታ ያለው?»

«ልጄ፣ ጠርሙሱ መስታወት ይሁን እንጂ ሳሉ እንደፈለገ ይሁን።»

«የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?»

ይህን ጥያቄ በቀን መቶ ጊዜ ነው የምጠይቀው። ሰዎች ለምን ፊታቸውን እንደሚያጠቁሩብኝ አሁን ገባኝ። ሽሮፕና አንድ ጠርሙስ አልኮል ይዤ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጥኩ፤ አፍንጬ ቡናማውን ጠርሙስ ይዛ ከኋላዬ።

ሽሮፑን እንዳለ መታጠቢያው ላይ ደፋሁት። አስራ ዘጠኝ ዓመት መድኃኒት ጠብታ አባክኜ አላውቅም። በሙቅ ውሃ አጠብኩት፣ ስያሜውን በጥፍሬ ላጥኩት፣ በአልኮል አለቀለቅኩት። አፍንጬ አሸተተችው። «ገና ነው፣ እንጆሪ እንጆሪ ይላል» አለች። ደግሜ አጠብኩት። አሸተተች። «አሁንም አለ።» በሦስተኛው «አሁን ጠፍቷል» ብላ ራሷን ነቀነቀች። አርባ ደቂቃ የነበረን ወደ ሃያ ሁለት ወርዷል።

ቡናማውን ጠርሙስ ከፍቼ መገልበጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ፍሳሽ ከጠባቡ አፍ ውጪ፣ መታጠቢያው ላይ ሄደ።

«እትዬ፣ ስጪኝ።»

«ቆይ፣ ቀስ፣ እንዳታፈሺው፣ በግራ እጅሽ ያዢው፣ አይደለም እንደሱ አይደለም...»

«እትዬ።» ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደችው፤ ግን አልቀዳችም። «ስትቆጪኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ጠዋት ሁለት ጊዜ ነገርኩሽ፣ ሁለቴም ስትቆጪ ተውኩት። ብልቃጦቹን ቦርሳዬ ውስጥ መደበቅ እችል ነበር፤ ካገኘሽው ደግሞ ትቆጫለሽ ብዬ እሱንም ተውኩት። አሁን ግን እጄን እፈልገዋለሁ። ነገም እፈልገዋለሁ። ትንሽ ዝም ትዪልኛለሽ?»

የትንሹን ጠርሙስ ክዳን አንስቼ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

የትልቁን ጠርሙስ ከንፈር ከትንሹ ጋር አገጣጠመች፣ ትንፋሿን ዋጠች፣ ገለበጠች። ሽቶው ቀጭን ሆኖ፣ ሳይቆራረጥ፣ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ወረደ። አንዲት ሴትዮ በሩን በርግዳ ገባች፣ ውሃ ከፈተች፣ ማድረቂያው ጮኸ፤ የአፍንጬ እጅ ንቅንቅ አላለም። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። እኔ በመስፈሪያና በማንቆርቆሪያ የምሠራውን ይህች ልጅ በዓይኗ ብቻ ትሠራዋለች። ስትሠራ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አስራ አንድ ዓመት አንድ ቤት ኖረን፣ አንድ ቀን ገብቼ ምን እየሠራሽ ነው ብያት አላውቅም። አፈርኩ። እዚያው መታጠቢያው አጠገብ፣ የጠርሙሱን ክዳን በመዳፌ ይዤ፣ በጣም አፈርኩ።

የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ጠበቀች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፣ ክዳኑን ሰጠኋት፣ ከደነችው።

«ሰማንያ ይሆናል» አለች። «ይበቃል።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። ይህን ቃል ቤታችን ውስጥ ከአፌ የሰማ ሰው የለም። እሷ ላስቲኩን እየዘጋች ነበር፤ «አውቃለሁ» አለችና ሳመችኝ።

ፈታሿ ጠርሙሱን ገልብጣ ቂጡን አየች። መቶ። መልሳ ትሪው ላይ አኖረችው፣ ትሪው ወደ ማሽኑ ገባ። ገመዱን ተደግፌ ቆሜ አየኋት። አፍንጬ በወዲያኛው በኩል ጫማዋን አጠለቀች፣ ካፖርቷን ክንዷ ላይ ጣለች፣ ላስቲኩን ደረቷ ላይ አቅፋ ሄደች። ፓስፖርቷ ትሪው ላይ ቀርቷል።

አፌን ከፈትኩ። አየር ስቤ ነበር፤ ስሟ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። እጇን አየሁት፤ ላስቲኩን በሁለት እጇ ነው የያዘችው። አፌን ዘጋሁ። ባለቤቴ ክንዴን ሲነካኝ ይታወቀኛል፤ እሱም ያየው ይመስለኛል።

ስድስት እርምጃ ያህል ሄደች። ቆመች። ኪሷን ዳበሰች፣ ዞር አለች፣ ሳትቸኩል ተመልሳ ፓስፖርቷን አነሳች። ወደኛ አላየችም። ወደ መሳፈሪያው የሚወስደውን መተላለፊያ ይዛ ሄደች።