ባለመድኃኒቱ

«ይኼ በእግሩ አይደለም የመጣ፤ በመድኃኒት ነው!» ብሎ ደግፌን የሰደበው ተፎካካሪው ባይሳ ነበር። ቦታው ጊንጪ፣ ነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት፤ ዘመኑ ሃምሳ ሰባት፣ ጥቅምት፣ ጤፉ ገና ሳይታጨድ። ደግፌ የብስክሌት እሽቅድምድሙን የመጀመሪያ ቀን አሸንፎ ከኮርቻው እንኳ አልወረደም ነበር።

ባይሳ ኪኒን ማለቱ ነው። ዳኞቹም እንደዚያው ገባቸው፤ ኪሱን ፈትሸው፣ ኮዳውን አሽትተው ምንም ስላጡበት በማግስቱ ውጤቱን አጸደቁለት። ቃሉ ግን ከዳኞቹ ጋር አዲስ አበባ አልተመለሰም፤ ደግፌ አገር አምቦ ገብቶ እዚያው ቀረ። አምቦ ደግሞ መድኃኒት ማለት ኪኒን ብቻ አይደለም፤ ደብተራ የሚቀምመው፣ ደጃፍ የሚቀበረው፣ በመጠጥ የሚደረገውም ሁሉ መድኃኒት ነው። ደግፌ ሊያገባት ያሰባት የእንግዳወርቅ አባት «መድኃኒት ከሚያውቅ ሰው አልዛመድም» ብለው የላካቸውን ሽማግሌዎች ከደጅ መለሱ። ጠላ ቤት ሲገባ አጠገቡ ያለው ሰው ጣሳውን በመዳፉ ይከድናል። ስሙ ባለመድኃኒቱ ሆነ። እሱም ውድድሩን ትቶ ጎማ ሲለጥፍ ኖረ።

ዛሬ፣ ከዓመታት በኋላ፣ ያው እሽቅድምድም አምቦ የሚያድርበት ቀን ነው። ደግፌ ላይወጣ ምሎ ነበር። ሆኖም በሶውን በጥብጦ ኮዳው ውስጥ ጨመረና ከከተማው ወዲህ ካለችው ዳገት ሥር፣ ባሕር ዛፍ ተደግፎ ቆመ። ሰው ሲያልፍ ማየት ምን ነውር አለው?

መሪዎቹ አለፉ። ቆየት ብሎ ባይሳ ብቻውን መጣ፤ ከንፈሩ ነጥቷል፣ ኮዳው መንገድ ላይ ወድቆበታል። ደግፌን ሲያይ ፊቱን ሊያዞር ሞከረ፤ ጥሙ አሸነፈው።

«ማሎ፣ ደግፌ! በፈጠረህ፣ ጉሮሮዬ ተጣበቀ!»

ቢያስብበት አይሰጠውም ነበር። እጁ ቀደመው። ባይሳ እየነዳ አብዛኛውን ጠጣና ኮዳውን መልሶ ወረወረለት።

«አበስኩ ገበርኩ! ከሰው ሁሉ ከባለመድኃኒቱ ይጠጣል?» አለች ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት።

ባይሳ በዚያች ዳገት መሪዎቹን አንድ በአንድ ለቀማቸው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊትም ቀድሞ ገባ። የኮዳው ወሬ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር፤ ሁለተኛ የወጣው መርጋ ብስክሌቱን መሬት ጣለ።

«እሱ መቼ ነዳ? የነዳው ባለመድኃኒቱ ነው!»

ሕዝቡ ሳቀ። ዳኛው አቶ ገብረአማኑኤል ግን አልሳቁም፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰው ናቸው፣ ኪኒን ነው የታያቸው። ደግፌን አስጠሩት።

«የጠጣውን ካላወቅሁ ውጤቱን አላጸድቅም። ምን አጠጣኸው?»

ደግፌ ባይሳ እንዲህ ተዋርዶ የሚያይበትን ቀን ስንት ዓመት ተመኝቷል። መጣለትና አልጣፈጠውም። በሶ። አንዲት ቃል ናት። ከተማው በሙሉ ቆሞ እየሰማ ቢላት ባይሳ ብቻ አይደለም የሚነጻ፤ እሱም ይነጻል። ጠላ ቤት የሚከደነው ጣሳ ሁሉ ይከፈታል። እንዲያውም ኮዳውን ገልብጦ ቀሪውን በሰው ፊት ሊጠጣው አሰበ። አፉን ከፈተ።

ባይሳ እጅጌውን ያዘው። ዳኛው እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሌላው እጁ ሆዱ ላይ ነበር።

«እግሬ የኔ አልመስል አለኝ፣ ደግፌ። ለኔ ብቻ ንገረኝ፤ በወለደችህ፣ ምን አድርገህበት ነበር?»

ደግፌ ፊቱን አየው። አይቀልድም። ያኔ ጊንጪ ላይ ሲሳደብ ቅናት ነበር፤ የተናገረውን ራሱም አላመነውም። አሁን ግን አምኗል። ግንባሩ ላይ ያለው የመንገድ ላብ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ይህ ሰው በሶ ቢሉት እሺ ብሎ ይሄድና ሌሊቱን ደብተራ ይፈልጋል። ወሬውን የፈጠረው እንዲህ ካመነ፣ ሌላው በሶን መቼ ያምናል?

«አንተን እኮ ነው፤ ምን አጠጣኸው?» አሉ ዳኛው።

ደግፌ የባይሳን ጣቶች ከእጅጌው አላቀቀ። ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ሕዝቡ ተራመደ። ሰዎቹ እንዳይነካቸው እርስ በርስ እየተገፋፉ ገለል አሉለት፤ ጋሪ በሚያሳልፍ ክፍተት መካከል ብቻውን ሄደ።