ልብ የተጫኑት አርባ ሰዎች

ሰፈሩ «ጋሽ ፈገግ» ይለዋል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከካሜራ ኋላ ቆሞ «ፈገግ በሉ» ሲል የኖረ ሰው ነው፤ የእሱን ጥርስ ያየ ግን ጥቂት ነው። ስቱዲዮው ከአንድ ፎቅ ሥር፣ በፋርማሲና በቁልፍ ቀራጭ መካከል ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። የፊተኛዋ ክፍል መስታወት፣ ማበጠሪያና አንድ አግዳሚ ወንበር አላት። ካሜራው፣ መብራቶቹና የጀርባው መጋረጃ የኋለኛዋ ክፍል ውስጥ ናቸው። ፎቶ ለመነሳት የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄዶ በሳምንት አምስት ሲደርስ፣ የሕንፃው ባለቤት ቤቱን ለስልክ ሻጭ ሊያከራየው መሆኑን ነገረው። እስከ ወሩ መጨረሻ ይለቀቅልኝ አለው። ጋሽ ፈገግም አልተከራከረም።

ዕቃውን በኢንተርኔት ጨረታ የመሸጡ ሐሳብ የሴት ልጁ ነው። ልጁ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ያገለገለ ዕቃ እዚያው ጨረታ ላይ ገዝታም ሸጣም ታውቃለች። አንድ ቅዳሜ መጥታ አሥር ዕቃ አስመዘገበችለት። ፎቶውን ግን ራሱ አነሳ፤ በዚህ በኩል ማንንም አላስጠጋም። ትልቁን የእንጨት ካሜራ ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀመጠ፤ ከጎን አንድ መብራት፣ ከኋላ ደግሞ ለስለስ ያለ ሌላ መብራት ሰጠው። ነሐሱ ወርቅ እስኪመስል፣ እንጨቱ ትናንት ከአናጢ እጅ የወጣ እስኪመስል ድረስ ተጠበበበት። ልጁ ፎቶውን አይታ፣ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ካሜራው አይደለም፣ የካሜራው ሙሽርነት ነው» አለችው።

ከዚያ ስልኩን አስይዛ ሦስት ቁጥር አሳየችው። የመጀመሪያው ስንት ሰው ዕቃውን ከፍቶ እንዳየ ይናገራል። ሁለተኛው ልብ የምትመስለውን ምልክት የተጫኑትን ይቆጥራል፤ የወደዱትንና መጨረሻውን ማየት የሚፈልጉትን ማለት ነው። ሦስተኛው ዋጋ የሰጡትን። ከሥር ደግሞ ጥያቄ የሚጻፍበት ቦታ አለ።

ጋሽ ፈገግ ሰውን በማየት የኖረ ሰው ነው። ደንበኛ በሩ ላይ ሲቆም፣ ፎቶ የሚነሳውን ዋጋ ጠይቆ ከሚሄደው ሳይነጋገር ይለየው ነበር። የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ወደ መስታወቱ ያያል፤ የማይነሳው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች ያያል። አሁን ግን ፊት የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ስልኩን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ቁጥሮቹ ላይ ያፈጣል።

በሦስተኛው ቀን ካሜራውን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አይቶታል። አርባ ሰው ልብ ተጭኗል። ዋጋ የሰጠ የለም። ለልጁ ደወለላት።

«አርባ ሰው ካሜራዬን ወዶታል» አላት።

«ልብ መጫን በነፃ ነው አባዬ።»

«ቢሆንም የማይፈልግ ሰው ለምን ይጫናል?»

«እኔ ራሴ ስንቱን ተጭኛለሁ። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ የአንድ ባለጸጋ ጀልባ ወድጃለሁ። መጋረጃው እንዴት ሆነ?»

መጋረጃው አራት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ሸራ ነው። ሐይቅ፣ ሁለት ዝይ፣ ወደ ላይ የሚወጣ የእብነ በረድ ደረጃም ተስሎበታል። ያኔ የሳለው የሱቅ ታፔላ የሚጽፍ ሰው ነበር። ደረጃው ወዴት እንደሚያደርስ ሠዓሊውም አልተናገረ፣ ጋሽ ፈገግም አልጠየቀ። ሙሽሮች፣ ተመራቂዎች፣ ክርስትና የተነሱ ሕፃናት ሁሉ እሱ ፊት ተነስተዋል። ጨረታው ላይ ያዩት ሃምሳ ስምንት ሰዎች ሲሆኑ ልብ የተጫኑት ስድስት ናቸው። አንዲት ሴት ደግሞ በመነሻው ዋጋ፣ በስምንት መቶ ገብታለች፤ ሦስት ጥያቄም ጽፋለች። ይታጠፋል ወይስ ይጠቀለላል? ላዩ ላይ ያለው ዱላ ይነቀላል? ሽታ አለው?

«ሽታ አለው ወይ ትለኛለች» አለ ጋሽ ፈገግ። ሦስተኛው ጥያቄ ከንክኖታል።

«እሷ ናት የምትገዛልህ» አለች ልጁ። «የት እንደምታስቀምጠው እያሰበች እኮ ነው። እውነቱን መልስላት።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባና፣ ማንም እንደማያየው አረጋግጦ፣ አፍንጫውን ሐይቁ ላይ ደቅኖ አሸተተ። ከዚያ «የድሮ ዘይት ቀለምና ትንሽ አቧራ ይሸታል። ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ቢውል ይለቀዋል» ብሎ ጻፈላት። ሌላ ተጫራች ዘጠኝ መቶ አለ፤ ሴትየዋ ሺህ አለች፤ ያም ሰው በዚያው ጠፋ።

በማግሥቱ ታናሽ ወንድሙ መጣ። በአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ዛሬም ሰው አጠገብ ሲቀመጥ ኪስ ኪሱን ያያል። ጋሽ ፈገግን አንገቱን እንደደፋ አገኘው።

«ምነው ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?»

«ሺህ ላይ ቆመ» አለ ጋሽ ፈገግ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ያቆምኩት መጋረጃ ነው። ሸራው ብቻ ከዚያ በላይ ያወጣል።»

ተቆጣጣሪው ስልኩን ተቀብሎ ቁጥሮቹን አየ። «ይሄ ባዶ አውቶቡስ ነው» አለ። «ተሳፋሪ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ቀድሞ መግባት አይወድም። የተበላሸ ይመስለዋል። ሁለት ሰው በመስኮት ከታየው ግን ተጋፍቶ ይገባል።»

ጋሽ ፈገግ ወንድሙ እንዲሁ ሲያወራ መሰለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ነገሩ ተለወጠ። «መንገደኛ» የሚባል አዲስ ተጫራች ሺህ አንድ መቶ አለ። ሴትየዋ ሺህ ሁለት መቶ አለች። መንገደኛው ጨመረ፣ እሷም ጨመረች። ሁለት ሺህ አለፉ። በሁለተኛው ቀን ማታ ሦስት ሺህ ተጠጉ። ጋሽ ፈገግ ሁለቱን ሰዎች በዓይነ ሕሊናው ይስላቸው ጀመር። ሴትየዋን ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ መሳቢያዋ የተስተካከለ ሴት አደረጋት። መንገደኛውን ግን ሀብታም አደረገው፤ ልጅ ሳለ እዚያ ደረጃ ፊት ፎቶ የተነሳና ቤቱ ውስጥ ሊሰቅለው የሚፈልግ ሰው።

ሐሳቡም እዚያ አላቆመም። ሁለት ሰው ለመጋረጃው እንዲህ ከተናነቀ፣ አርባ ሰው ካሜራውን ከወደደ፣ የድሮ ነገር ገና ፈላጊ አለው ማለት ነው አለ። ሸሚዙን ቀይሮ ወደ ሕንፃው ባለቤት ወጣ። የፊተኛዋን ክፍል ለስልክ ሻጩ ቢሰጥና የኋለኛዋ ለእሱ ብትቀርስ? ድሮ እንደሚነሱት ዓይነት ፎቶ ለሚፈልግ ሰው በቀጠሮ ይሠራል።

የሕንፃው ባለቤት አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ደንበኛ አለህ?» አለው።

«አሁን ነው የመጣው» አለ ጋሽ ፈገግ።

«እንግዲያው እስከ ዓርብ ቁርጡን ንገረኝ። ስልክ ሻጩን እስከዚያ አቆየዋለሁ።»

የመጋረጃው ጨረታ ሐሙስ ረፋድ ላይ ተዘጋ። መጋረጃውን መንገደኛው በሦስት ሺህ አራት መቶ አሸነፈ። የሴትየዋ የመጨረሻ ዋጋ ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ነበር። ጋሽ ፈገግ «እንኳን ደስ አለዎት፣ መቼ ይወስዱታል?» ብሎ ለአሸናፊው ጻፈለት። መልስ አልመጣም። ከምሳ በኋላ ደግሞ ጻፈ። አሥር ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድሙ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። አልገባም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች ያይ ጀመር።

ጋሽ ፈገግ ጥቂት አየውና ገባው።

«አንተ ነህ?» አለው።

«እኔ ነኝ» አለ ተቆጣጣሪው። «ትጨምራለች ብዬ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሳትጨምር ቀርታ አታውቅም። የመጨረሻዋ ላይ ቆመችብኝ።»

«ከየት ጀምሮ ነው ያንተ?»

«ከሺህ በላይ ያለው ሁሉ። እሷ ካለችው በስተቀር።»

ጋሽ ፈገግ መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ልጅ ሳለ ፎቶ የተነሳው ሀብታም ሰውዬ፣ ቤቱ፣ ግድግዳው፣ ሁሉም ወዲያው ብን ብለው ጠፉ። ፊቱ የቆመው ጉልበቱን የሚያመው ታናሽ ወንድሙ ነው።

«አርባዎቹ ልቦችስ?»

«እነሱ የሰው ናቸው። አንዷ ብቻ የኔ ናት።»

«ሂድ አሁን» አለው። ጮክ ብሎ አልተናገረም። ወንድሙም ሄደ።

ለልጁ ደውሎ ሲነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ፣ አሸናፊው ካልከፈለ ዕቃውን ለሁለተኛዋ በሰጠችው ዋጋ ማቅረብ እንደሚቻል ነገረችው። አንድ ቁልፍ መጫን ነው። «ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ብላ በገዛ እጇ ጽፋለች» አለች። «ማን እንደገፋት አታውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለ።

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ፣ አባዬ።»

ቁልፉን አልተጫነም። መሸት ሲል ረጅም መልእክት ጻፈ፣ አጠፋው፣ ደግሞ አጭር ጻፈ። «አሸናፊው ወንድሜ ነው። ሳላውቅ ያደረገው ነው፣ ግን ወንድሜ ነው። መጋረጃውን ከፈለጉት መጥተው ይዩት፤ ዋጋውን ያኔ እንነጋገር።» ላከው።

ዓርብ ጠዋት ሴትየዋ መጣች። ቀጭንም አይደለችም፣ መነጽርም የላት። የሠርግ አዳራሽ የምታስጌጥ፣ ወፈር ያለች፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ሜትሯን እንደ አምባር ክንዷ ላይ አጥልቃዋለች። ሰላምታ ሰጥታ በቀጥታ ወደ ኋለኛው ክፍል አለፈች። ሸራውን ለካች፣ ጫፉን ገልብጣ ስፌቱን አየች፣ አሸተተችም።

«እንዳሉት ነው» አለች። «ትንሽ አቧራ ነው።»

«ስለ ወንድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«እውነተኛ ገዢ አለመሆኑን ጠርጥሬ ነበር» አለች። «አራት ሜትር ሸራ የሚገዛ ሰው በቤቴ በር ይገባልኛል ወይ ብሎ አይጠይቅም? ምንም ሳይጠይቅ ገንዘብ ብቻ ይጨምራል። እንደዚያ የሚያደርገው ዕቃውን የማይፈልግ ሰው ነው።»

«ታዲያ ለምን አብረው ጨመሩ?»

«ለአንዲት ሙሽራ ፎቶውን አሳይቻት ወዳዋለች። ከሦስት ሺህ ሦስት መቶ አላልፍም ብዬ ነበር፤ አላለፍኩም።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሺህ» አለች ሴትየዋ። «ወንድምዎ ባይገባ በሺህ ይቀርልኝ ነበር።»

ጋሽ ፈገግ አፉ ላይ የመጣ ነገር ነበረ፤ ዋጠው። «ትክክል ነዎት» አላት።

ገንዘቡን ከፍላ መጋረጃውን አብረው መጠቅለል ጀመሩ። እሱ በደረጃው በኩል፣ እሷ በዝይዎቹ በኩል ያዙ። ሲጨርሱ ካሜራውን አየችው። ጠጋ ብላ ደግማ አየችው።

«ጨረታው ላይ ያለው ይሄ ነው? አላወቅኩትም እኮ። እኔም ልብ ተጭኜለታለሁ።»

«ካሜራ ይፈልጋሉ?»

«ኧረ ምን አደርግበታለሁ? ፎቶው አምሮኝ ነው። ለአዳራሽ ብርሃን እንዲህ ቢደረግ ብዬ አስቀመጥኩት።» ከዚያ ፊቱን አይታ ድምፅዋን ቀነሰች። «አይቀየሙኝ ጋሼ፤ ሰዉ የወደደው ካሜራውን አይመስለኝም፣ ያነሱበትን እጅ ነው። ካሜራውን የሚገዛ ሰው ጭረቱን ማየት ይፈልጋል። እንዲህ አሳምረው ሲያቀርቡለት የደበቁት ነገር ያለ ይመስለዋል።»

ጋሽ ፈገግ ሸራውን በትከሻው ይዞ እስከ መኪናዋ አደረሰላት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሕንፃው ባለቤት ወጥቶ ቤቱን ሙሉውን እንደሚለቅ ነገረው። ሰውየው ለምን ብሎ አልጠየቀም። ሲመለስ ካሜራውን ወደ በሩ አውጥቶ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ጨርቅና ያለ መብራት፣ በልጁ አሮጌ ስልክ አነሳው። የተሰነጠቀውን እግሩን አነሳ። አኮርዲዮን የመሰለው ጥቁር ቆዳ ላይ የለጠፈውን ፕላስተር አነሳ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ካነሳቸው ፎቶዎች ሁሉ አስቀያሚዎቹ ነበሩ፤ የቀድሞውን ማስታወቂያ አውርዶ፣ እያቅማማ እንደ አዲስ ለጠፋቸው።

በሦስት ቀን ውስጥ ያዩት ሠላሳ አንድ ሰዎች ብቻ ናቸው። ልብ የተጫኑት ሁለት። ጥያቄ ግን አምስት መጣ፤ አራቱ ከአንድ ሰው ነበሩ፤ ፕላስተሩ ከውስጥ ነው ከውጭ፣ እግሩ ስንት ኪሎ ይችላል እያለ የሚጨቀጭቅ የእንጨት ሥራ መምህር። ጋሽ ፈገግ ሁሉንም መለሰለት። መምህሩም ከመነሻው ጥቂት ከፍ ባለ ዋጋ ወሰደው። የተናነቀው ሰው አልነበረም።

የወሩ መጨረሻ ቀን ተቆጣጣሪው ሳይጠራ መጣ። የቀሩት ሁለቱ ትልልቅ መብራቶችና አግዳሚው ወንበር ነበሩ። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ምን ይያዝ እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቆመ።

«አሁንም ተቆጥተሃል ጋሼ?» አለው።

«አዎ» አለ ጋሽ ፈገግ። «በዚያ በኩል ያዝ። ቀስ ብለህ አንሳ፣ ጉልበትህን።»