ባለ አንድ ዓይኑ ሙሉካ

ባሌ ሙሉካ የገዛ ሻይ ቤቱ በጓሮ በር ነበር የሚገባው። ዲላ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያን የሚያህል በር እያለ፣ እሱ በእንሰቱ መሃል ተሽሎክሉኮ ወጥ ቤት ይገባና ሻዩን ከሰል ምድጃው አጠገብ ጠጥቶ ይሄዳል። ሰው ሰርቆ አይደለም፤ ሰው ገድሎም አይደለም። ንጋት ለሚባለው ለቡና መጋዘኑ ቡድን ሲጫወት ይርጋጨፌ ላይ ሪጎሬ ስቶ ነው።

ሳተ ስል ለጥቂት አይደለም። ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ አፋጠው ምታ ያሉትን ኳስ ከግቡ በላይ ልኮ የሰው ቡና ማሳ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወዲህ ስንት የቡና ለቀማ አለፈ፤ የዚያን ቀን የተረገዘ ልጅ ዛሬ ኳስ ይራገጣል። ሸምሰዲን ግን አልረሳም።

ሸምሰዲን ጎረቤቴ ነው፣ ጨርቅ ነጋዴ። ገበያ ሲቀዘቅዝበት፣ ብዙ ጊዜም ይቀዘቅዝበታል፣ እኔ ቤት ከበሩ በስተቀኝ ያለችው ወንበር ላይ ይሰየምና የንጋትን ምርጥ አስራ አንድ መምረጥ ይጀምራል። እሱ ራሱ ኳስ በእግሩ ነክቶ አያውቅም። አንዴ ወደ ሱቁ የመጣችበትን እንኳ በሜትር እንጨቱ ነው የመለሳት። የሚከራከረው ከወልዱ ጋር ነው፤ ወልዱ መጋዘን ውስጥ ባሌ ጆንያ ሲሰፋ እሱ ይመዝናል። በአስሩ ተጫዋቾች ከተስማሙ ቆይተዋል። ጠቡ በአስራ አንደኛው ነው።

"ሙሉካ!" ይላል ወልዱ። "እንደሱ ያለ ግራ እግር እዚህ አገር አልበቀለም።"

"በቀለ!" ይላል ሸምሰዲን። "በቀለ ቢያንስ ቡና ለቃሚዎች ላይ ኳስ አልጣለም።"

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ከመጋረጃው በስተጀርባ ብርጭቆ ሲቀመጥ፣ ቀጥሎ የጓሮው በር ሲንቋረር እሰማለሁ። ሻዩ የእኔ፣ ስኳሩ የእኔ፣ ባሌን የሚበሉበት ጠረጴዛ የእኔ!

አንድ ቀን ታዲያ አልቻልኩም፤ ማንኪያዬን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩና፣ "አስራ አንዱንም ከጃንሆይ ፎቶ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ አስላለሁ። አስራ አንደኛው ሙሉካ ነው። ያልጣመው ሰው ሻዩን ቤቱ ያፍላ!" አልኩ። ሐሳቤ አንድ ነበር። መልኩ በክብር ከተሰቀለበት ቤት ባሌ በፊት ለፊት በር ይገባል።

ሠዓሊውም አልጠፋም። አለቃ ወልደዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሊሥሉ ከጎጃም መጥተው፣ ግድግዳው እስኪደርቅ እኔ ጋ ምሳቸውን ይበሉ ነበር። ኳስ ጨዋታ አይተው አያውቁም።

"ስንት ሰማዕት የሣልኩ ሰው አስራ አንድ ቁምጣ ለባሽ ያቅተኛል?" አሉኝ። "ግን ገድላቸውን ልስማ። ሰውዬው የሠራውን ሳላውቅ ፊት አልሥልም።"

ገድል መስማት ከሆነ ከእኔ ቤት የተሻለ ቦታ የለም። ግድግዳውን በአቡጀዲ ጋርደው፣ ቀለማቸውን እየበጠበጡ፣ የነሸምሰዲንን ክርክር ጆሯቸውን ጥለው ሲሰሙ ሰነበቱ። እኔም ሻያቸው ላይ ስኳር እየጨመርኩ ደስ ብሎኝ ከረምኩ።

አቡጀዲው የተነሳ ዕለት ቤቱ ሞልቶ ነበር። አስሩ ተጫዋቾች አረንጓዴ ማሊያ ለብሰው፣ ሁለት ሁለት ትልልቅ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ እጃቸውን ለቡራኬ አንስተው ቆመዋል። የጎደላቸው አክሊል ብቻ ነው። ከእነሱ ነጠል ብሎ፣ እግሩን አንስቶ፣ በጎኑ የተሣለው ባለ አንድ ዓይን የእኔ ሙሉካ ነው።

ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሰው ሁሉ አቀረቀረ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው። ሸምሰዲን እስላም ነውና ይህን አያውቅም። "ያንዱ ዓይን ምን ሆነ?" ብሎ ሲጠይቅ ወልዱ እያፈረ በጆሮው ነገረው። ሰውዬው ዒድ የመጣ መስሎት ነበር እላችኋለሁ! እያጨበጨበ ወጥቶ መናኸሪያውን በሙሉ ጠራው።

"አለቃ፣ ምን አደረጉኝ?" አልኳቸው።

"ምን ላድርግ ልጄ? የሰማሁትን ሣልኩ። ስለ ሌሎቹ መልካም መልካሙን ሰማሁ። ስለዚህኛው ሰውዬ ከግራ እግሩ ሌላ የሰማሁት ሪጎሬ የሚባለውን ኃጢአቱን ብቻ ነው። ምን ዓይነት ኃጢአት እንደሆነ ባላውቅም፣ አወራሩ ከባድ ይመስላል።"

"ያጥፉልኝ!"

"ቀለሙ ሳይደርቅ ቢነካ ግድግዳሽ ይበላሻል። ቅዳሜ ሲደርቅ እፍቀዋለሁ።"

ሙሉካ ወሬውን መጋዘን ሆኖ ሰማ። ያን ቀን በጓሮም አልመጣም። በማግስቱም ቀረ። ማታ ቤት ስንገናኝ፣ "ፀዱ፣ ሰይጣን ነው አሉኝ?" ብሎ ጠየቀኝና መልሴን ሳይሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እንደዚያ ቀን ሸምሰዲንን ጠልቼው አላውቅም።

ቅዳሜ አለቃ መፋቂያቸውን ይዘው መጡ። ገና ብርጭቋቸውን ሳያነሱ ከአሪቻ ቡና ጭኖ የመጣ ኤንትሬ መኪና ደጄ ላይ ቆመና፣ አንድ ግንድ የሚያህል ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። ወንድይፍራው ነው፤ ለይርጋጨፌ ቡድን ስንት ዘመን ተከላካይ ሆኖ የኖረው። ግድግዳውን አየና፣ "እነዚህ ደግሞ ፎቶ ሊነሱ ነው የተሰለፉት?" አለ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ዳር ሄደና ፊቱ በራ። "ሙሉካ! ቁርጥ እሱን!"

"ምኑ ነው ቁርጥ?" አለ ሸምሰዲን። "አንድ ዓይን ብቻ ያለው?"

"እኔ ሙሉካን ፊት ለፊት አይቼው አላውቅማ! የማውቀው በዚህ ጎኑ ነው፣ ሲያልፈኝ። ዞር ስል ደግሞ ጀርባውን።"

"ሪጎሬውን ግን ሳተ።"

ወንድይፍራው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ሪጎሬው ከሰማይ ወረደ እንዴ? ማቆም ሲያቅተኝ ጠልፌ የጣልኩት እኔ ነኝ። ቁርጭምጭሚቱ እንደ ዱባ አብጦ ነበር። ያንን፣" አለና በሁለት ዓይኑ ያፈጠጠውን በቀለን በአገጩ አመለከተ፣ "ያንን አንተ ምታ ሲሉት የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ቁጭ አለ። እስከ ዛሬም አስሮ የጨረሰ አይመስለኝም። ሙሉካ እያነከሰ ሄዶ መታ።"

ሸምሰዲን ሻዩ ትን አለው። እኔ ራሴ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ያ ሁሉ ሰው ሜዳ ላይ ነበር፣ አንድም አፍ አልተነፈሰም። የእኔው ሰውዬም ዝም!

ወሬው ከኤንትሬው ቀድሞ ከተማውን ዞረ፤ በጎን መሣል ክብር ሆኖ አረፈው። ከሰዓት በኋላ በቀለ ራሱ መጥቶ አለቃን ጥግ አስያዛቸውና፣ "እኔንም በጎኔ ያዙሩኝ፣ አባቴ" ሲል ለመናቸው። ወዲያው ሌሎች ሁለት ተከተሉት። አለቃ አማተቡ።

"ዓይኔን አጥፉልኝ ብሎ ደጅ የሚጠና ጻድቅ ዛሬ ገና አየሁ!"

መፋቂያውን ከእጃቸው ተቀበልኳቸው። "ማንንም አይንኩ። ኳሷን ብቻ ይሣሉልኝ፤ ረስተዋታል።"

"የት ላድርጋት?"

የሸምሰዲንን ወንበር አሳየኋቸው። ሰውዬው ጭንቅላቱን በሚያስደግፍበት ግድግዳ ላይ፣ መረቡን የወጠረች ኳስ ተሣለች። ቋሚዎቹ በግራና በቀኙ፣ አግዳሚው ከቆቡ በላይ ሆነ። ወንበሯን መቀየር ደግሞ ኩራቱ አልፈቀደለትም።

ማክሰኞ ሙሉካ በፊት ለፊት በር ገባ። ግድግዳው ላይ ያለውን ራሱን አየ፣ የተነሳ እግሩን አየ፣ ከእግሩ ተነስቶ ኳሷን በዓይኑ እየተከተለ ሸምሰዲን ጭንቅላት ጋ ደረሰ።

"ገባች እንዴ?" አለኝ።

"ገብታለች።"

ሸምሰዲን ጉሮሮውን ጠረገ። "ቢሆንም በቀለ..."

"ሸምሰዲን፣" አለ ባሌ መሃል ላይ ያለውን ወንበር እየሳበ፣ "ጎል የገባበት በረኛ አይከራከርም።"

ወልዱ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሙሉካም ሳቀ፤ ሳቁ ናፍቆኝ ነበር። ሻዩን ሳመጣለት የጓሮውን በር ቀርቅሬ ነው የመጣሁት።