በስህተት የተላከ ሽማግሌ

ይግዛው ቢቸና ፊዚክስ ያስተምራል። ሰው ፊት ሲቀልድ ያየው አልነበረምና፣ ስታንድአፕ ኮሜዲ የሚያስተምር መጽሐፍ ታቅፎ ሲያገኙት ባልደረቦቹ የሌላ ሰው ዕቃ የሚያደርስ መስሏቸው ነበር። መጽሐፉን የተወለት ከአዲስ አበባ ተመድቦ መጥቶ የነበረ የጤና መኮንን ነው። ሁለተኛውን ራሱ ባሕር ዳር ካንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዛ።

እንደ ፊዚክስ አጠናቸው። ያሰምራል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ ምዕራፍ ሲጨርስ ራሱን ይፈትናል። «ሰው ሲስቅልህ ሦስት ቁጠር፣ አትቸኩል» ይላል አንደኛው። «ለባዶ ወንበር ተለማመድ» ይላል ሁለተኛው። ተማሪዎቹ ሲወጡ በሩን ዘግቶ ለሃምሳ ባዶ ወንበር ይቀልዳል። ያስቸገረው ምሳሌው ነው፤ ስለ አውሮፕላን ምግብ፣ ስለ ምድር ውስጥ ባቡር። እሱ በአውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። አውሮፕላኑን ሚኒባስ አደረገና በመምህራን ማረፊያ ሞከረው። ሲጨርስ የኬሚስትሪው መምህር በትዕግሥት «እሺ፣ ከዚያስ?» አለው።

ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ እጅግ ያሳፈረህን ነገር ተናገር ይላሉ። ይግዛው ያንን ምዕራፍ ሁልጊዜ ዘሎት ያልፋል።

ያሳፈረው ነገር ሞጣ ነው ያለው። ከስድስት ዓመት በፊት ሰሎሜ የምትባል የሞጣ ልጅ ይወድ ነበር። ተስማሙና አጎቱን ወልደ ሰንበትን ከሁለት አዛውንቶች ጋር ሽማግሌ ላከ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር» ብሎ ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ሄዱ፣ ተስተናገዱ፣ እንደ ደንቡ የማንንም ስም ሳይጠሩ «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ተሰጣቸው።

አጎቱ ደስ ብሎት ተመለሰ። «አባትየው እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰለህ!» አለው።

«የማን አባት?»

«የልጅቱ ነዋ።»

«የሰሎሜ አባት ከሞቱ እኮ አሥር ዓመታቸው ነው!»

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አረንጓዴ በር ሁለት ነበር። አሁን ተመልሶ «ልጅዎን አንፈልግም፣ ጎረቤትዎን ነው» የሚል ማን ይገኛል? ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ። ይግዛውም ኀፍረት ያዘውና ቀጠሮው ሲደርስ ማንንም ሳይልክ ቀረ፤ ለሰሎሜም ምክንያቱን መናገር አቃተው። ዓመት ጠብቃ ሌላ አገባች። እሱ ከዚያ ወዲህ ሞጣን ረግጧት አያውቅም፤ ባሕር ዳር ሲሄድ እንኳ መኪናው እዚያ ሲቆም ጋቢውን ተከናንቦ የተኛ ይመስላል።

ባለፈው ሚያዝያ የአማርኛ መምህሯ ፍሬ ወረቀት ይዛ መጣች። «እሑድ ከሰዓት ለቤተ መጻሕፍት ማሠሪያ ዝግጅት አለ። ቀልድ ታቀርባለህ፣ ስምህን አስመዝግቤዋለሁ።»

«የት ነው?»

«ሞጣ።»

«አልሄድም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ለወንበር ስትቀልድ በመስኮት ሳይህ ኖሬ፣ ዛሬ አልሄድም ትለኛለህ?»

ሄደ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የመጀመሪያው ቀልዱ ወደቀ። ሁለተኛው ከዚያ የባሰ ሆነ፤ ከፊት የተቀመጡ አንዲት ሴት በሐዘኔታ አዩት። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣበቀ። ያጠናው ሁሉ ከራሱ ጠፋና የቀረው ያ ዘሎ ያለፈው ምዕራፍ ብቻ ሆነ።

«እኔ እዚህ ከተማ ሽማግሌ ልኬ ነበር» አለ። «ሌላ ሰው ቤት።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ይግዛው ቀጠለ። አጎቱን፣ ሁለቱን በሮች፣ የሞቱትን አባት፣ የተከናነበውን ጋቢ ተራ በተራ ተናገረ። ሕዝቡ እርስ በርሱ እየተደጋገፈ ይስቅ ጀመር። መጽሐፉ እንዳዘዘው ዝም ብሎ መቁጠር ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት...

ከመሐል አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አንተ ልጅ» አሉ። «ያ ቤት የኔ ቤት ነው። ባንተአምላክ እባላለሁ።»

ይግዛው ጎንበስ ብሎ «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

«ቆይ፣ አስጨርሰኝ። ልጄ ሀብትነሽ ያኔ ለሌላ ሰው ታጭታ ነበር። ሽማግሌዎችህ ሲመጡ የተከበሩ ሰዎች ሆኑብኝና ፊት ለፊት እምቢ ማለት አቃተኝ። ምን ብዬ ልመልሳቸው እያልኩ ሁለት ሳምንት እህል አልወርድልህ አለኝ። በቀጠሮው ቀን በር በሩን ሳይ ዋልኩ። ሳይመጡ ሲቀሩ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ አባቴ።»

«ስእለቴን አስገባሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሽማግሌው ራሳቸው ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ግን ደግሞ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፊቴ ጠቁሮባቸው፣ አስቀይሜያቸው ቀሩ እያልኩ ይኸው ስድስት ዓመት ስሳቀቅ ኖርኩ። ለካ የበር ስህተት ነው! እግዜር ይስጥህ፣ ዛሬ ገላገልኸኝ።»

ይግዛው ከመድረኩ ወርዶ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዘው አቀፉት። ምን ያህል እንደተጨበጨበ አላስተዋለም። ፍሬ በኋላ ስትነግረው ነው ቀልዱን ሳይጨርስ መውረዱን ያወቀው።

የዚያን ዕለት አቶ ባንተአምላክ ቤት በላ፣ ጠጣ፣ አደረ። ለአጎቱ ደወሉለትና ሁለቱ በስልክ ይቅር ለእግዜር ተባባሉ። ስለ ሰሎሜ ሲጠይቅም አልሸሸጉትም፤ ሁለት ልጆች ወልዳ በደህና ትኖራለች። ነገሩ ትንሽ ወጋው፤ ደህና መሆኗን መስማቱ ግን ደስ አሰኘው።

ጠዋት ራሱን ሳይከናነብ በገበያው መሐል አለፈ። ሁለት ሰዎች ከሱቃቸው ሆነው በስሙ ጠርተው ሰላም አሉት፤ እሱም ቆሞ መለሰላቸው። ከዚያ የቢቸናን መኪና ተሳፍሮ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። ከሞጣ ሳይርቅ እንቅልፍ ወሰደው፤ የእውነት እንቅልፍ፣ አፉን ከፍቶ። ደብረ ወርቅ ላይ ረዳቱ ለሒሳብ ሲቀሰቅሰው የት እንዳለ ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት።