ከሹፌሩ ጎን

ወይዘሮ አባዲት በሕይወታቸው መሪ ጨብጠው አያውቁም። ቢሆንም ካለፈው ዓመት ወዲህ የቤታቸውን አሮጌ ዲኤክስ ግማሹን የሚነዱት እሳቸው ነበሩ። ይህን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስላቸውም፤ ባላቸው አቶ ተኽላይም ቢሆኑ።

የሚነዱት በወሬ ነው። መብራት ሲይዛቸው፣ "ይሄ መብራት ደግሞ እኛን ሲያይ ነው የሚቀላው" ይላሉ። እግረኛ ዜብራው ላይ ሲገባ፣ "ያቺን ልጅ እያት፣ ቀሚሷ ሲያምር" ይላሉ። ጉድጓድ ሲመጣ ማዘጋጃ ቤቱን ያማሉ። አቶ ተኽላይ "እሱን ተይው" እያሉ ፍሬናቸውን ረገጥ ያደርጋሉ። ሠላሳ ዓመት ከአሰብ አዲስ አበባ ተሳቢ ያመላለሱ ሰው ስለሆኑ፣ ተጠንቀቅ ከተባሉ ቀኑን ሙሉ ያኮርፋሉ። ወይዘሮ አባዲት ያን ቃል ከአፋቸው አውጥተውት አያውቁም።

ነገሩ የገባቸው አንድ ጠዋት የመኪናውን በር ሲወለውሉ ነበር። የቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያውን ተጭሯል። አንድ ሁለት ጭረት አይደለም፤ ድመት የቧጨረችው ይመስላል። ቁልፉ ቀዳዳውን ሲፈልግ የሠራው እንደሆነ ገባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ለሚያማቸው ጉልበት ሲሉ ኋላ ይቀመጡ የነበሩት ሴትዮ፣ "ኋላው አልተመቸኝም" ብለው ፊት ገቡ።

አርብ ዕለት ልጃቸው ፍሬሰላም ከሰንጋ ተራ፣ ከቢሮዋ፣ በዚያው ወደ አብነት፣ ወደ ወላጆቿ ቤት መጣች። ፊቷ ደክሞታል። የልጇ የርግኣት የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሥራ አቁሟል፤ እሷ ደግሞ ቢሮ የምትገባው በማለዳ ነው።

"ይሄ ምን ያስጨንቃል?" አሉ አቶ ተኽላይ። "ከሰኞ ጀምሮ እኔ አደርሳታለሁ።"

ፍሬሰላም እናቷን ተከትላ ወደ ኩሽና ገባች። በሩን ገርበብ አደረገችው።

"እማዬ፣ አባዬ ደህና ያያል አይደል?"

"ያያል።"

"እውነትሽን ንገሪኝ።"

"በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰኝ ማን ሆነና?"

ፍሬሰላም ተነፈሰች። ወይዘሮ አባዲት የዋሹ አልመሰላቸውም። ሰኞ እሳቸውም ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ያያሉ፣ ተኽላይ ይነዳል። እስከ ዛሬስ በምን ተኖረ?

እሑድ ከልደታ ማርያም ቅዳሴ ወጥተው ወደ ቤት ሲመለሱ ፀሐይዋ ፊት ለፊት መጣችባቸው። ወይዘሮ አባዲት ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ሳብ አድርገው መንገዱን እያዩ ነበር። መኪናው የባቡሩ ድልድይ ጥላ ውስጥ ገባ። የሚያወሩት ነገር አላገኙም፤ ዝም አሉ።

ኮፈኑ ጧ አለ።

አቶ ተኽላይ ፍሬኑን ረገጡ። አንዲት ሴት በአንድ እጇ የጨርቅ ጥቅል ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሌላ እጇን ኮፈኑ ላይ ዘርግታ፣ ግማሽ እርምጃ ከፊታቸው ቆማለች። ጎረቤታቸው ቀመሪያ ናት፤ አብነት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። አቶ ተኽላይ መስኮቱን አወረዱ።

"ጋሽ ተኽላይ፣ ሱሪዎን ስላሳጠርኩብዎ ነው?" አለች። ለመሳቅ ሞከረች።

"አላየሁሽም ልጄ። ይቅር በዪኝ።"

"እርስዎንማ መች አልኩ። እትዬ አባዲት ዓይኔን እያዩኝ ነበር እኮ። እሳቸው ካዩኝ ይነግሩዎታል ብዬ ገባሁ።" ወደ ወይዘሮ አባዲት ዞር አለች። "አይቀየሙኝና፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሻገረው። ይቺ መኪና ስትመጣ እኛ የምናየው እርስዎን ነው።"

ወይዘሮ አባዲት "ፀሐይዋ ናት" ሊሉ ነበር። ቃሉ ምላሳቸው ላይ ደርሷል፤ ቀላል ነው፤ ማንም ያምናል። ግን ዓይናቸው ኮፈኑ ላይ ያለው የቀመሪያ እጅ ላይ ቀረ። ቀመሪያ ረጅም ናት፣ መኪና መትታ ታስቆማለች። ነገ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚሻገሩት ልጆች ግን ቁመታቸው ከዚህ ኮፈን አያልፍም።

"እኔም አላየሁሽም" አሉ።

ቀመሪያ እጇን ቀስ ብላ አነሳች፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንኩም" አለችና ጥቅሏን አቅፋ ሄደች።

አቶ ተኽላይ መኪናውን ዳር አስይዘው ሞተሩን አጠፉት። ከላያቸው ባቡር አለፈ።

"ጭራሽ አላየሻትም?"

"ከፀሐይ ወደ ጥላ ስገባ ሁሉም ነገር ይጠፋኛል ተኽላይ። ቆይቶ ነው የሚመለሰው። እስከ ዛሬ ለሁሉም ሰው እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።"

አቶ ተኽላይ መሪውን በመዳፋቸው አበሱት።

"እኔ ደግሞ ዝም ስትይ መንገዱ ነጻ ነው ብዬ ነዳሁ።"

ወይዘሮ አባዲት ዞር ብለው አዩዋቸው። "ታውቅ ነበር?"

"አርባ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር ስለ ሰው ቀሚስ አውርተሽ አታውቂም። አምና በአንዴ ቀሚስ ወዳድ ሆንሽ።"

ወይዘሮ አባዲት ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ከነገርኩሽማ ማቆሜ ነው።"

ከዚያ አቶ ተኽላይ ቁልፉን ነቅለው ሚስታቸው ጭን ላይ አኖሩት። ወይዘሮ አባዲት ስልካቸውን አውጥተው ከፊታቸው አርቀው፣ እንደገና አቅርበው፣ የልጃቸውን ስም ፈለጉ።

"ፍሬ፣ ደህና ነን። መኪናውን ከባቡሩ ድልድይ ሥር መጥተሽ ውሰጂው። አርብ የነገርኩሽ ልክ አልነበረም። አባትሽ ደህና አያይም፤ እኔም አላይም። ለሁለታችንም የዓይን ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያዢልን።"

"ሞራ ከሆነ ይገፈፋል በያት" አሉ አቶ ተኽላይ ከጎን።

"ሞራ ከሆነ ይገፈፋል ይላል።"

ስልኩን ሲዘጉ አቶ ተኽላይ አሁንም ከተቀመጡበት አልተነሡም።

"ለርግኣት ቃል ገብቻለሁ" አሉ።

"በባቡር ውሰዳት። እጇን ይዘህ።"

"ማን ማንን ሊይዝ?"

"ተያያዙ።"

ከመኪናው ወረዱ። አቶ ተኽላይ በልማድ በሩን ሊቆልፉ እጃቸውን ዘረጉ፤ ቁልፉ ግን ወይዘሮ አባዲት ዘንድ ነበር። ወይዘሮ አባዲት በአውራ ጣታቸው ቀዳዳውን ዳብሰው አገኙት፤ ቆለፉ።

ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከጥላው ወጡ። ፀሐይ ላይ ትንሽ ሄደው መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ጥላ መንገዱን ሸፍኖታል። ወይዘሮ አባዲት ገብተው ቆሙ።

"ትንሽ እንጠብቅ" አሉ።

አቶ ተኽላይም ቆሙ። ሰው በግራ በቀኛቸው ያልፋል። መጀመሪያ የመብራት ምሰሶ መልክ ያዘ፣ ቀጥሎ ጃንጥላ ዘርግታ ሎሚ የምትሸጥ ሴት፣ ቀጥሎ ከሴትየዋ አጠገብ የተከፈተ የፍሳሽ ጉድጓድ።

"ጉድጓዱን አየኸው?" አሉ ወይዘሮ አባዲት።

"ገና ነኝ። ቆይ።"

ቆዩ።